ያልቆጠርናቸው እናቶች

እዚህ ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ገንፎውን ሳንቀምስ በፊት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ቃሉን ልብ ብላችሁታል? ከሞት ተረፍሽ ማለት ነው። ጋርላንድ ውስጥ ልማድ ብቻ ሆኖ የቀረው ይህ ቃል በአገራችን ገጠር ዛሬም ትርጉሙን አልለቀቀም።

ሞቱም የድሃ ብቻ አልነበረም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው፣ ከነጻነት በኋላ ባለቤታቸውን ዐቢይ አበበን ተከትለው ወለጋ ወረዱ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) ለቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ለንጉሥ ልጅ፣ ያውም ለነርስ፣ ያልሆነ ዕድል ለገበሬ ሚስት ከየት ይምጣ?

ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በልዕልቲቱ ስም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ቆመ። በ1959 (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ነው) ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ ለሦስት ዓመት ውል የመጡት እዚያ ነው። ያገኙት ግን ፊስቱላ ነበር። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ ፊኛን ተጭኖ ሥጋውን ይገድለዋል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስንቷ ሴት በዚህ ምክንያት ከባሏ ቤት ወጥታ ከሰው ተለይታ ኖራለች።

ከእነዚህ አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ከአራት ቀን ምጥ በኋላ ተጎድተው ሐምሊኖች ዘንድ ደረሱ። ፊደል ያልቆጠሩት ማሚቱ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ከማቀበል ጀምረው ራሳቸው ቀዳጅ ሆኑ፤ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችንም አስተማሩ። ይህን ታሪክ ልጆቻችን ሊያውቁት በተገባ ነበር።

የፊስቱላ ሆስፒታሉ የተመሠረተው በአብዮቱ ዓመት በ1974 ነው። ደርግ የልዕልቲቱን ሆስፒታል ለጦሩ ሰጠው። ስሙ ጦር ኃይሎች ተባለ፤ ነፍሰ ጡሯ ግን በቃሬዛ መጓዟን ቀጠለች።

እንግዲህ ወደ እኛ ልምጣ። በ2005 (በ1997ቱ ምርጫ) የተሰረቀውን ድምፅ ጣቢያ በጣቢያ ቆጥረን ለዓለም አሰማን። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት 673 እናቶች እንደሚሞቱ፣ ከ100 ወሊድ ወደ 95 የሚጠጋው ከጤና ተቋም ውጭ እንደሆነ አሳየ። ይህን ቁጥር ይዞ ሰልፍ የወጣ አላየሁም።

እውነቱን መናገር ካለብን ኢሕአዴግ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መድቧል፤ ቁጥራቸው ከ30,000 አልፏል። አንድ ለአምስት እያለ ለፖለቲካ ማዋሉ ሌላ ጉድ ነው። ቢሆንም ሞቱ በ2016 ወደ 412 ወረደ። በዚያ ዓመት ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በከተማ ከ100 ሰባ ዘጠኝ፣ በገጠር ሃያ ነበሩ። ልዩነቱ የመንገድ ነው። በቴክሳስ ገጠርም የማዋለጃ ክፍላቸው የተዘጋባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን መኪናና አስፋልት አላት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2021 መጀመሪያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ትግራይ ውስጥ ካዩአቸው 106 የጤና ተቋማት በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያው መንገድ ይዘጋል፤ ምጥ ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

መግለጫ የምታወጡ ድርጅቶች ሆይ፣ የየትኛውም ወገን ደጋፊ ብትሆኑ፣ የተማረከውን ታንክ ስትቆጥሩ የቆመውን አምቡላንስና የተዘጋውን ጤና ኬላም በወረዳ በወረዳ ቆጥራችሁ ጻፉልን።