ሽያጭ አለ፣ ብር የለም፦ የመረጃ ሥርዓት ለአነስተኛ አምራቾች ምን ያደርጋል?

ጫማው ይሸጣል፣ ትዕዛዝም አይጠፋም፤ ቆዳ መግዣ ላይ ሲደረስ ግን ብር ያጥራል። በብዙ አነስተኛ ወርክሾፖች የተለመደ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ነገር ደግሞ መረጃ ነው። ዛሬ ይህንን በቀላሉ እናያለን 👇

📌 ምንድነው?

የመረጃ ሥርዓት ሲባል ብዙዎቻችን ኮምፒውተርና ውድ ሶፍትዌር ነው የሚታየን። ነገር ግን መዝጋቢው ሰው፣ የምዝገባው መንገድ፣ መሣሪያውና የሚወጣው ሪፖርት አንድ ላይ ነው ሥርዓት የሚባለው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀመረው ካንባን የሚሠራው በወረቀት ካርድ ነበር። ዕቃው ሲወሰድ ካርዱ ወደ አምራቹ ክፍል ይመለሳል፤ ያ ማለት "ይህን ያህል ተካ" ማለት ነው።

📌 ሦስት ደረጃ አለው

1. ምዝገባ፦ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተሸጠ፣ ማን ዱቤ አለበት?
2. ሪፖርት፦ በሳምንቱ የትኛው ሞዴል ሄደ? ስንት ጥንድ ተበላሸ?
3. የውሳኔ ድጋፍ፦ "ቆዳ 10 በመቶ ቢጨምር ትርፋችን ስንት ይሆናል?" ብሎ ቀድሞ ማስላት።

📌 ውሳኔ አንድ፦ በስንት እንሽጥ?

በምሳሌ እንየው። ለአንድ ጥንድ ጫማ ቆዳ፣ ሶል፣ ገበርና ማስቲሽ 900 ብር፣ የሠራተኛ 300፣ ኪራይና መብራት 150 ቢሆን ድምሩ 1,350 ነው። በ1,600 ከተሸጠ 250 ብር የተተረፈ ይመስላል።

አሁን ግን ያው ጥሬ ዕቃ ገበያ ላይ 1,150 ገብቷል እንበል። ከ1,600ው የሠራተኛውና የኪራዩ 450 ሲወጣ የሚቀረው 1,150 ነው። "ትርፍ" ተብላ 250ዋ ለቤት ወጪ ከዋለች ቀጣዩን ጥንድ መሥራት አይቻልም። በ100 ጥንድ 25,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ካፒታል መብላት የሚባለው ይሄ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ በሚገባ ግብዓት ለሚሠራ ሰው የዛሬን የመግዣ ዋጋ ሳያውቁ ዋጋ መቁረጥ ከባድ አደጋ ነው። ለግብር የሚሠራው ሒሳብ የተገዛበትን ዋጋ ይይዛል፤ መሸጫ ሲወሰን ግን መተኪያው ዋጋም መታየት አለበት።

📌 ውሳኔ ሁለት፦ መቼ እንዘዝ?

ቀመሩ ቀላል ነው፦ የቀን ፍጆታ × ዕቃው እስኪደርስ የሚፈጀው ቀን + መጠባበቂያ።

በቀን 40 ጥንድ ሶል የሚጠቀም ወርክሾፕ ዕቃው በ5 ቀን ከደረሰለት 200 ጥንድ ያስፈልገዋል። የ2 ቀን መጠባበቂያ 80 ሲጨመር 280 ይሆናል። ስቶኩ 280 ሲደርስ ያዛል። ከዚያ በታች ከጠበቀ ሠራተኛ ሥራ ሊፈታ ይችላል፤ ያለልክ ካከማቸ ደግሞ ብሩ መደርደሪያ ላይ ተኛ ማለት ነው።

📌 በምን እንጀምር?

✅ በደብተር ወይም ስልካችሁ ላይ በጎግል ሺትስ። ነፃ ነው።
✅ ሦስት ሠንጠረዥ ይበቃል፦ ስቶክ፣ ሽያጭና ዱቤ፣ ወጪ።
✅ መዝጋቢው አንድ ሰው ይሁን፤ ዕለቱን ይመዝገብ።
✅ መለኪያ አትቀላቅሉ። አንዱ በደርዘን፣ ሌላው በጥንድ ከጻፈ ሪፖርቱ ይዋሻል።
✅ የቤትና የሥራ ብር ይለያይ።
✅ በሳምንት አንድ ቀን ስቶኩን በእጅ ቆጥራችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ።

እንደ ኦዱ ያሉ ትልልቅ ሲስተሞች የሚያስፈልጉት ሥራው ሲሰፋ ነው። በደብተር ያልተመዘገበ ነገር ሶፍትዌር ስለተገዛ ብቻ አይመዘገብም። መጀመሪያ ልማዱ ይምጣ እንላለን።

ወርክሾፕ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት 🙏