ግሪድ ኮምፒዩቲንግ፦ ምንነቱ፣ ጠቀሜታውና ዜጎች የሚሳተፉበት መንገድ

ግሪድ ኮምፒዩቲንግ በተለያዩ ቦታዎች የሚገኙና የተለያዩ ባለቤቶች ያሏቸው ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ ተሳስረው አንድን ሰፊ ስሌት ተከፋፍለው የሚሠሩበት ሥርዓት ነው። በመርካቶ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሰው ለብቻው ቀናት የሚፈጅበትን የከባድ መኪና ጭነት ብዙ ጫኝና አውራጅ ተከፋፍሎ በአጭር ጊዜ እንደሚያጠናቅቀው ሁሉ፣ አንድ ኮምፒዩተር ለዓመታት የሚደክምበትን ስሌት ብዙ ኮምፒዩተሮች ተባብረው ይጨርሱታል።

የሥርዓቱ ዓይነቶች

1. ተቋማዊ ግሪድ፦ የምርምር ተቋማት የኮምፒዩተር ማዕከሎቻቸውን በስምምነት ያስተሳስራሉ። በጄኔቭ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) የሚያመነጨው መረጃ ከ40 በላይ በሆኑ ሀገራት በሚገኙ ወደ 170 የሚጠጉ ማዕከላት ይተነተናል።

2. የበጎ ፈቃድ ግሪድ፦ ግለሰቦች የኮምፒዩተራቸውን ሥራ ፈት ጊዜ ለምርምር ይለግሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው።

ለሀገራችን ያለው ጠቀሜታ

እ.ኤ.አ. በ2019 በኔዘርላንድ የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ አማካይነት የአፍሪካን ዝናብ የሚያጠና ፕሮጀክት ጀምሯል። ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገራት አብዛኛው ዝናብ ጠባብ ቦታን የሚሸፍን በመሆኑ፣ በአንድ ቀበሌ ዘንቦ አጎራባቹ ደረቅ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ፕሮጀክቱ ይህንን በ1 ኪሎ ሜትር ዝርዝር ለማስላት ያለመ ሲሆን፣ ስሌቱ የተከናወነው በበጎ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ነው። ዝናብ ጠብቆ ለሚዘራ አርሶ አደር የዚህ ዓይነት ጥናት ፋይዳ ከፍተኛ ነው።

የተሳትፎ አፈጻጸም

• ተሳታፊው «ቦይንክ» የተሰኘውን ነፃ ሶፍትዌር ከባለቤቱ ይፋዊ ድረ ገጽ አውርዶ ይጭናል፤ የሚደግፈውን ፕሮጀክትም ይመርጣል።
• ሶፍትዌሩ አነስተኛ የሥራ ድርሻ ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ይልካል። ለትክክለኛነት ማረጋገጫ አንድ ድርሻ ለሁለት ኮምፒዩተሮች ሊሰጥ ይችላል።
• መብራት ቢቋረጥ ሥራው በአብዛኛው መጨረሻ ከተቀመጠበት ደረጃ ይቀጥላል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

• ተሳትፎው የኤሌክትሪክና የኢንተርኔት ወጪ አለው። የሥራ ሰዓትንና የኮምፒዩተሩን አቅም አጠቃቀም በሶፍትዌሩ መወሰን ይቻላል፤ በተለይ የዳታ ጥቅል ለሚጠቀሙ ይህ ይመከራል።
• በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጫን አይገባም።
• የምርምር ፕሮጀክቶች የመመዝገቢያ ክፍያም ሆነ የባንክ የይለፍ ቃል አይጠይቁም። «ኮምፒዩተርዎን አከራይተው ገቢ ያግኙ» በማለት የቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ አካል ካጋጠመ፣ ከዚህ ሥርዓት ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተገንዝቦ ከክፍያው መቆጠብ ይገባል።

ለተመራማሪዎችና ለተማሪዎች

ከፍተኛ የስሌት አቅም የሚያስፈልጋቸው ተመራማሪዎች ጥያቄያቸውን በቅድሚያ ለዩኒቨርሲቲያቸው የኢንፎርሜሽንና ኮሚዩኒኬሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ማቅረብ ይኖርባቸዋል። የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚተሳሰሩበት የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ (ኢተርኔት) የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ ኔትወርኮችን የሚያስተባብረው የኡቡንቱኔት ጥምረት አባል ነው። ይህ ትስስር ተመራማሪው ባለበት ሆኖ ከሌሎች ሀገራት ተመራማሪዎች ጋር መረጃ የሚለዋወጥበትን መንገድ ይከፍታል።