ባዜቃ፣ ሙጫና የመስታወት ዱቄት

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በ1833 ክራውኩር የሚባሉ ወንድማማቾች ከአውሮፓ ተነሥተው ኒው ዮርክ ገቡ። የያዙት ጉድ ብርና ባዜቃ ተለውሶ የተሠራ የጥርስ መሙያ ነው፤ ስሙንም ንጉሣዊ ብለውታል። የተበላውን በቅጡ ሳይጠርጉ ጉድጓዱን ጥቅጥቅ አድርገው ይሸኛሉ። ሰነባብቶ ሙሌቱ አበጠ፣ ጥርስ ሰነጠቀ፣ ወንድማማቾቹም እግሬ አውጪኝ አሉ።

በወርቅ ይሞሉ የነበሩት የአገሬው ሐኪሞች ጨሱ። ማኅበራቸውም አባል ሁሉ ይህን አማልጋም የሚባል የብርና የባዜቃ ቅይጥ ላይነካ እንዲፈርም አስገደደ። ምን ዋጋ አለው? ማኅበሩ በ1856 ፈረሰ፣ አማልጋም ግን ጸንቶ ቆየ። ርካሽ ነዋ! በ1890ዎቹ የቺካጎው ጂ.ቪ. ብላክ ቅመማውን ካስተካከለለት በኋላማ ማን ይቻለው።

ግን አንድ ነውር አለበት፤ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። እንዳይወልቅ ሐኪሙ ጉድጓዱን አፉን ጠባብ፣ ሥሩን ሰፊ አድርጎ ይፈለፍለዋል። ጤነኛው ጥርስ ምን በደለ? እኔን ከባዜቃው ይልቅ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በ1955 ሮቸስተር የነበረው ማይክል ቦኖኮር መላ መጣለት። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝላቸው ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ ያክሙታል፤ ጥርሱንስ? 85 በመቶ አሲድ ቀብቶ 30 ሴኮንድ ጠበቀ። እንዲህ የተደረገ ኢናሜል፣ ያ ጠንካራው የላይ ሽፋን፣ ታጥቦ ሲደርቅ ወዙ ጠፍቶ ኖራ የተቀባ ይመስላል። በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል ማለት ነው። ሬዚን የሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ሰርጎ ይገባና እዚያው ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ በዋዛ አይላቀቅም። ራፋኤል ቦወን ደግሞ ሬዚኑን በደቃቅ ሲሊካ አጠንክሮ በ1962 የፈጠራ ባለቤትነት አገኘበት። ኮምፖዚት የምንለው ከዚያ መጣ።

ኮምፖዚት መልኩ ጥርስ፣ ማኘክም ይችላል። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል። ከኢናሜል ሥር ያለው ዴንቲን ደግሞ እርጥብ ነውና እንደ ላይኛው ለኮምፖዚት አይመችም። ምራቅ ጠብ ካለበትማ ልፋቱ ገደል ገባ።

ለንደን ላይ ዊልሰንና ኬንት የሚባሉ ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ፍሎራይድ ያለበትን የመስታወት ዱቄት ከአሲድ ጋር ለውሰው፣ ግላስ አዮኖመርን በ1972 ይፋ አደረጉ። ይህኛው የዴንቲንን እርጥበት ይችላል፣ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ድካሙ ማኘክ ላይ ነው፤ ይፋቃል፣ ይሰበራል።

ታዲያ ማንን ትመርጣላችሁ? ጆን ማክሊንና ዊልሰን ሁለቱንም አሉ። ግላስ አዮኖመር ከታች ዴንቲኑ ላይ፣ ኮምፖዚት ከላይ ለጥርስ መንከሻው፤ ስሙም ሳንድዊች ተባለ። እኔ ብልሃት የምለው ይኼን ነው፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ጉድጓዱ ወደ ድድ ወርዶ ጠርዙ ላይ ኢናሜል ከታጣ፣ ሐኪሙ ግላስ አዮኖመሩን እስከ ጠርዙ ያወጣዋል። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኮምፖዚት ብቻውን ይበቃል።

ሞተር የለ፣ መብራት የለ በሚባልበት ገጠርስ? በ1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ አለ፤ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ መሙላት ነው። ዛሬ የሚሞሉት በግላስ አዮኖመር ነው። አንድ ገጽ ብቻ የተበላን ጥርስ ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ጉዳቱ ወደ ጎንም ከዞረ ግን ቶሎ ይረግፋል።