የጓያ መርዝና የማይዘጋው በር

በ1997 እ.ኤ.አ. ሰሜን ወሎ ውስጥ በደላንታ ዳውንት፣ ጤነኛ የነበሩ ሰዎች እግራቸው እየተሳሰረ መራመድ አቃታቸው። ድርቅ መጥቶ ሌላው እህል ሲያልቅ የቀረው ጓያ ነበር። ጓያ ብርቱ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋም፣ ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲያቁርም ይበቅላል። ሰዉ ለወራት እሱኑ በልቶ ከረመ። በበሽታው የተያዙት 2,000 ገደማ ነበሩ። የጓያ በሽታ ደግሞ አንዴ እግር ከያዘ አይለቅም።

እኔ ያደግኩት አሰንዳቦ ነው። በኛ በጅማ በኩል ወሬው ቡናና በቆሎ ስለሆነ፣ ጓያን በደንብ ያወቅኩት ስለ ሴል በሮች ማንበብ ስጀምር ነው።

የምን በር? እያንዳንዱ ሴል በስስ የቅባት ሽፋን ተጠቅልሏል። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም አዮኖች የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለተሸከሙ ቅባቱን ሰንጥቀው ማለፍ አይችሉም። በ1952 እ.ኤ.አ. ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት አስልተው፣ አዮኖቹ ለየብቻ በተለዩ መንገዶች እንደሚያልፉ አሳዩ። መንገዱን ራሱን ግን ማንም አላየውም ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኔኸርና ሳክማን ጫፉ እጅግ የቀጠነ የብርጭቆ ቱቦ በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ አስጠግተው የአንዲት በር ብቻ ጅረት ለኩ። መጠኑ የአንድ አምፔር ጥቂት ትሪሊዮንኛ ነው! (መልቲሜትር ይዞ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።) ጅረቱ ቀስ እያለ አይወጣም፤ እንደ አምፖል ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭ ድርግም ይላል። በሩ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ዝግ። በ1991 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙበት።

እንግዲህ አንዳንዱ በር ቁልፍ ይፈልጋል። አእምሯችንና ህብለ ሰረሰራችን ውስጥ ግሉታሜት በሚባል ንጥረ ነገር የሚከፈቱ በሮች አሉ። ግሉታሜት ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ ነርቩ መልእክቱን ያስተላልፋል፣ በሩ ይዘጋል። ሁሉም በሺህኛ ሴኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ህንዳውያን ተመራማሪዎች ለይተው ያወጡት፣ ቅርጹ ግሉታሜትን ይመስላል። ተመሳስሎ የተቀረጸ ቁልፍ ነው በሉት። በሩን ደጋግሞ ይከፍታል፤ አዮኑ ይጎርፋል፤ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይበዛና ነርቩ ከልክ በላይ ሠርቶ ይሞታል። ከሚሞቱት መካከል እግርን የሚያዙት ረጃጅም ነርቮች አሉ።

ገበሬው ጥፋቱን ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ላይ ያሳብብ ነበር። መንስኤው እንፋሎቱ ባይሆንም፣ ጣቱን በጓያ ላይ መቀሰሩ ትክክል ነበር።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ገጠር አጥንተው በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ በ1990 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በኋላም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ወደ ማጀት ገቡ። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮ ወይም በእሸትነቱ መብላት አደጋውን እንደሚጨምር፣ ከጤፍና ከስንዴ ዓይነት እህል ጋር ደባልቆ መብላት ግን እንደሚቀንሰው አገኙ። ኦዳፕ በውሃ ስለሚሟሟ መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋትም ይረዳል።

ችግሩ፣ ጓያ ብቻውን የሚበላው የሚደባለቀው እህል ሲያልቅ ነው። የእርዳታ ስንዴው ለደላንታ ሰው የሚጠቅመው ጎተራው ውስጥ ጓያ ብቻ ከመቅረቱ በፊት ከደረሰ ነው፤ ከሞተ ነርቭ በኋላ የመጣ ስንዴ ሆድ ይሞላል እንጂ እግር አይመልስም።