ኦርኪድ በዕረፍት ወቅቱ፦ ለአልሚዎችና ለሰብሳቢዎች የተዘጋጀ መረጃ

በርካታ የኦርኪድ ዝርያዎች በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ዕድገታቸውን አቁመው ያርፋሉ። በዚህ ጊዜ ቅጠላቸው ይጠወልጋል ወይም ይረግፋል። ይህን ያልተረዳ ባለቤት ተክሉ የሞተ መስሎት ይጥለዋል፤ አለበለዚያም ለማዳን ሲል ውኃ አብዝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ይህ መረጃ ኦርኪድ በቤታቸው ለሚያለሙ፣ ከዱር ለመሰብሰብ ወይም ከውጭ አገር ለማስገባት ለሚያስቡ ዜጎች የቀረበ ነው።

በቅድሚያ ሊጠራ የሚገባው የቃል ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች እነዚህን ተክሎች «በክረምት» ውኃ እንድንነፍጋቸውና ቅዝቃዜ እንዲያገኙ እንድናደርግ ይመክራሉ። በመመሪያዎቹ ክረምት የተባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቀው የብርድ ወቅት ነው። በአገራችን ግን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ሲሆን፣ ለእነዚህ ተክሎችም ዋናው የዕድገት ወቅት ነው። ስለሆነም መመሪያው «ክረምት» ሲል አንባቢው በጋ ብሎ ሊረዳው ይገባል። በሐምሌ ውኃ የነፈገ ሰው ተክሉን ከነአበባው ሊያጣ ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ዴንድሮቢየም ኖቢሌ የተባለው ዝርያ ነው። መገኛው የሂማላያ ተራሮች ግርጌና አካባቢው ሲሆን፣ ዝናቡን የሚያገኘው እንደ አገራችን ደጋማ አካባቢዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት በብዛት ውኃና መጠነኛ ማዳበሪያ ይሰጠዋል። ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ማዳበሪያው ይቋረጣል፤ ውኃውም የተክሉ ግንድ በጣም እንዳይጨማደድ ብቻ አልፎ አልፎ ይሰጣል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ብዙ ብርሃን በሚያገኝበትና የሌሊቱ ሙቀት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚወርድበት ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል፤ ውርጭ ግን ሊያገኘው አይገባም። አዲስ አበባና መሰል ከተሞች ይህን ቅዝቃዜ ያለ ምንም ወጪ ያስገኛሉ፤ በረንዳ በቂ ነው። በዕረፍቱ ጊዜ ውኃና ማዳበሪያ ያልተቋረጠበት ተክል በአበባ ፈንታ ከግንዱ ላይ ትናንሽ ቡቃያዎችን ያወጣል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ከጀመረ ተክሉን ከመጠለያ ሥር ማድረግና አዲሱ ቡቃያ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ውኃውን አለማብዛት ይመከራል። ሌሊቱ በማይቀዘቅዝባቸው ቆላማ አካባቢዎች ይህን ዝርያ ለማስለመድ መድከሙ እምብዛም አያዋጣም።

በስጦታ መልክ በብዛት የሚሸጠው ፋላኖፕሲስ ግን ውኃ የሚያጠራቅም ወፍራም ግንድ ስለሌለው እንዲህ ያለ ደረቅ ዕረፍት አይሰጠውም። ከአውስትራሊያ የሚመጣው ዴንድሮቢየም ኪንጊያነም ደግሞ በአገሩ የሚያርፈው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነውና፣ ሲገዙ የተክሉን መገኛ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የአገራችን የዱር ኦርኪዶች

ሀበናሪያ፣ ሳቲሪየምና ዩሎፊያን በመሳሰሉት ወገኖች ሥር የሚመደቡ መሬት ላይ የሚበቅሉ ኦርኪዶች በአገራችን ይገኛሉ። አብዛኞቹ በዝናቡ ወራት ቅጠልና አበባ አውጥተው በበጋ ከመሬት በላይ ያለው አካላቸው ይደርቃል፤ ሕይወታቸው የሚቆየው ከአፈር በታች ነው። ሀበናሪያና ሳቲሪየም ድንች መሰል ሥር አላቸው። በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ሥር ጎን የሚቀጥለውን ዓመት ተክል የሚያበቅል አዲስ ሥር ይፈጠራል። አበባውን አይቶ የተማረከ ሰው ተክሉን የሚቆፍረው ይህ አዲስ ሥር ገና ባልጎለመሰበት ጊዜ በመሆኑ፣ ወደ ቤት የተወሰደው ተክል በሚቀጥለው ሰኔ ላይበቅል ይችላል። በዘር ለማባዛትም ቀላል አይደለም፤ የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው በመሆኑ በተፈጥሮ የሚበቅለው ተስማሚ ፈንገስ ባለበት ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዱር ነቅሎ መሰብሰብ ለሰብሳቢው አይጠቅምም፤ መስኩን ግን ያራቁታል። ፎቶግራፍ ማንሳትና የታየበትን ወር መመዝገብ የተሻለ ስብስብ ያስገኛል።

የሚያስፈልጉ ፈቃዶች

በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ለማግኘትም ሆነ ወደ ውጭ ለመላክ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዚህም በተጨማሪ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚመለከተው ስምምነት፣ ሳይተስ፣ የኦርኪድ ቤተሰብን በሙሉ ይሸፍናል። አብዛኞቹ ዝርያዎች በሁለተኛው፣ የተወሰኑት ደግሞ ጥብቅ በሆነው አንደኛው ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ።

ኦርኪድ ከውጭ የሚያስገባ ሰው ተክሉ ከመጫኑ በፊት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የሳይተስ የመላኪያ ፈቃድ ተያይዞ መምጣት ይኖርበታል። በሁለተኛው ዝርዝር ያሉ ዝርያዎች ችግኞች ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ውስጥ በቤተ ሙከራ ተባዝተው የሚጓጓዙ ከሆነ ከሳይተስ ፈቃድ ነጻ ናቸው፤ ይህ ግን ከዕፅዋት ጤና ቁጥጥር ነጻ አያደርጋቸውም። በዕረፍት ላይ ያለ ተክል አፈሩ ተራግፎ መንገዱን የተሻለ ስለሚችል፣ ጭነቱ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እንዲደርስ ማመልከቻውን አስቀድሞ ማስገባት ይመረጣል።