ሊሾ

ባኞ፣ ላቫንዲኖ፣ ሊሾ። የመታጠቢያ ቤታችንን ግማሽ ስም ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው። «ሊሾ» በባለቤቶቹ ቋንቋ «ልሙጥ» ማለት ነው፤ የእኛ ግንበኛ ግን የባኞ ቤቱን ሲሚንቶ ሳይደርቅ በመጥረጊያ ጫር ጫር ያደርገው ነበር። ከስሙ ይልቅ ለእግራችን አሰበ።

አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ነውና፣ የመታጠቢያ ልጅ ናት ብንል አላጋነንንም። መታጠቢያው ከፍልውሃና ከጓሮ ወደ መኝታ ቤት ጎን የገባው ግን ዘግይቶ ነው፤ ዛሬም ያልደረሰው ቤት ብዙ ነው።

እኔም በደርግ ዘመን የተሠራ ሊሾ ነበረኝ። አፈረስኩት። እንግዳ ያያል ብዬ እኮ ነው! መልክ የሚያሳይ ሴራሚክ ገዛሁ። ሻጩ «ለግድግዳ ነው ለወለል?» አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ ገና ስታየው «መስታወት ላይ ነው እንዴ የምታስታጥበኝ?» አለች። ሳቅን። በሦስተኛው ሳምንት ሳሙና ባለበት ውሃ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ።

የግድግዳ ሴራሚክ ልባሱ ብርጭቆ ነው፤ ሳሙናና ውሃ ሲገናኙበት እግር የሚቆነጥጠው ያጣል። ፖርስሊን የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ስለዚህ ይበረክታል። እሱም ቢሆን ከተወለወለ ያው ነው። ፊቱ ሸካራ፣ ቁራጩ አነስ ያለ ይሁን፤ መጋጠሚያ ሲበዛ እግር ይይዛል። ወለሉም ወደ ፍሳሹ ያዘንብል።

አሁን ያስነጠፍኩት አመድማ ሸካራ ነው። ባለቤቴ እድፍ ይይዛል ትላለች፤ እውነቷን ነው። እናቴ ግን ምርኩዟን በሩ ላይ አስደግፋ ብቻዋን ትገባለች።