ለጎዳና ተዳዳሪ ወገኖች የሚሰጥ የማኅበራዊ ጥበቃ አገልግሎት፦ የገንዘብ ምንጩና አሠራሩ

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሥራ ጀመረ። መሠረቱ በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ነው። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ከተመደበው 450 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውስጥ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ የተገኘ ሲሆን፣ ቀሪው 150 ሚሊዮን በመንግሥት የሚሸፈን ነበር።

የመደበኛው ድጋፍ ተጠቃሚዎች የሚለዩት በሚኖሩበት ሰፈር በተቋቋመ ኮሚቴ አማካይነት ነው። ቋሚ አድራሻ የሌለው ሰው ግን በዚህ አሠራር ሊታይ አይችልም። በመሆኑም ለጎዳና ተዳዳሪዎች ራሱን የቻለ የፕሮጀክት ክፍልና በጀት ተለይቷል።

ድጋፉ ደረጃ በደረጃ ይሰጣል። በቅድሚያ ተጠቃሚው ጊዜያዊ መጠለያ፣ ምግብ፣ ሕክምናና የሥነ ልቦና ምክር ያገኛል። ቀጥሎም እንደየሁኔታው ከቤተሰቡ ጋር ይቀላቀላል፤ ወይም የሙያ ሥልጠና ወስዶ ወደ ሥራ ይሰማራል። በጀቱ በመጠለያ ብቻ ተወስኖ መልሶ ማቋቋምንና ክትትልን ካላካተተ፣ የተነሣው ሰው ተመልሶ ጎዳና ላይ ይወድቃል፤ የወጣውም ገንዘብ ፍሬ አልባ ይሆናል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ድጋፍ ከማስቀጠሉም በላይ የወጣቶችን የሥራ ዕድል አክሏል።

በአዲስ አበባ አገልግሎቱን የሚሻ ወይም ድጋፍ የሚያስፈልገውን ሰው የሚያውቅ ማንኛውም ዜጋ በአቅራቢያው ወደሚገኘው የወረዳ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማመልከት ይችላል። የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው አመልካች ይህንኑ ለባለሙያው ማስረዳት ይችላል።